ሰርቨሩ ዛሬ ማታ ቢወድቅ፣ ነገ ጠዋት ይነሳል ወይ?

ከደሴና ከኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ለተሰበሰቡ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት የቋንቋ እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ተነስታችሁ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁትን ደግሞ ለብቻ እንኳን ደህና መጣችሁ ልበላችሁ። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ታያላችሁ። ለምን እንዳመጣኋቸው ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። እጃችሁን እንድታወጡ አልጠይቅም፤ እያንዳንዳችሁ በልባችሁ መልሱልኝ። የምትጠብቁት ሰርቨር ዛሬ ማታ ቢወድቅ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባለጉዳይ መስኮቱ ፊት ሲቆም ሥራ ይጀምራል ወይ? ብዙዎቻችሁ «ባክአፕ አለን»፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ አለን፣ እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ እል ነበር። እኔ ግን የጠየቅሁት ባክአፕ አለ ወይ ብዬ ሳይሆን፣ ሰርቨሩ ይነሳል ወይ ብዬ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት።

ንግግሬን በሦስት ነጥብ ከፍየዋለሁ። በመጀመሪያ ከዳታው ሌላ ምን መቀመጥ እንዳለበት፣ ቀጥሎ ቅጂው የት መቀመጥ እንዳለበት፣ በመጨረሻም ቅጂው በእርግጥ እንደሚነሳ በምን እንደምናውቅ እናገራለሁ። ጊዜ ቢያጥረኝ ሁለተኛውን አሳጥራለሁ፤ ሦስተኛውን ግን አላሳጥርም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። በ2005 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰርቨር ነበረው፤ የደመወዙም፣ የክፍያውም፣ የሠራተኛ ማኅደሩም ሥራ በእሱ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ ከጦሳ በኩል ከባድ ነጎድጓድ በመጣበት ሌሊት መብራት ሦስት አራት ጊዜ እየጠፋ ተመለሰ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሞ እንደነበረ እያወቅሁ «በሚቀጥለው በጀት» ብዬ አሳድሬው ነበር። ጠዋት ስንገባ ሰርቨሩ ጥቁር ገጽ ላይ ቆሞ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። ሁለቱ ዲስኮች ደህና ነበሩ፤ የተቃጠለው ሁለቱን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ነበር።

ኃላፊዬ ደንግጠው መጡ። እኔ ግን አልደነገጥሁም። የዳታቤዙ ቅጂ በየቀኑ ከሥራ መውጫ በፊት ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጥ ነበርና «አብሽሩ፣ ዳታው አለ» አልኳቸው። ዳታውም በእርግጥ ነበረ፤ የትናንቱን ጨምሮ አንድም መዝገብ አልጎደለም። ያም ሆኖ ሥራ የጀመርነው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ዘጠኝ ቀን ምን ወሰደ? ሌላ ኮምፒውተር ተገኘ፤ የዊንዶውስ ሰርቨሩ ሲዲ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሲዲው ሲገኝ የላይሰንስ ቁጥሩ የተለጠፈበት ወረቀት በአሮጌው ሰርቨር ጎን ላይ ነበረ፤ ከሙቀትና ከእጅ ንክኪ ብዛት ግማሹ ተፍቆ አይነበብም። ሲስተሙ ሲጫን አዲሱ ኮምፒውተር ዲስኩን የሚያውቅበት ድራይቨር አጣ። የዳታቤዙ ሶፍትዌር ሲጫን ከቅጂው የቀደመ ቨርዥን ሆኖ ቅጂውን አልቀበልም አለ። የክፍያ ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ አዲስ አበባ ነው፤ መጫኛውን በአውቶቡስ ሰው እስኪያመጣልን ሁለት ቀን ጠበቅን። ይህ ሁሉ አልፎ ፕሮግራሙ ሲከፈት ደግሞ ማን ምን ማየት እንደሚችል፣ ማን ማጽደቅ እንደሚችል፣ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው አታሚ ጋር እንደተያያዘ የሚወስኑት መቼቶች በሙሉ የሉም። እነሱን የጻፋቸው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው፤ ወረቀት አልተወም፤ እኔም አልጠየቅሁትም ነበር።

በእነዚያ ቀኖች አንዲት እናት ከኩታበር እየተነሱ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። የባለቤታቸው ውዝፍ ክፍያ ነበረ። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ዛሬስ ተነሳላችሁ?» አሉኝ፤ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ። አልተቆጡም። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ የዛሬውን ንግግር ርዕስም ያገኘሁት ከእሳቸው ነው። እኔ ዳታ አለኝ ብዬ ተኝቼ ነበር፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ ዳታ አልነበረም።

እንግዲህ ሰርቨር ማለት ምንድን ነው? ዳታው የሚኖርበት ቤት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ዕቃው ቢተርፍም ዕቃውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ መኖር አይቻልም። ከዳታው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የተጠቃሚዎቹ መለያዎችና ፈቃዶች፣ በየሰዓቱ የሚነሱት የታቀዱ ሥራዎች፣ የደኅንነት ሰርተፊኬቶች፣ የኔትወርክ አድራሻዎች፣ ባለፉት ዓመታት አንድ ችግር በተፈጠረ ቁጥር እየተነካኩ የተስተካከሉት መቶ ትናንሽ መቼቶች አሉ። እነዚህን በሙሉ ከነቤቱ ማስቀመጥ አለብን።

ዊንዶውስ ሰርቨር የምትጠቀሙ፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ የሚባለው መሣሪያ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፤ ሆኖም ራሳችሁ ከባህሪያት ዝርዝር ውስጥ መርጣችሁ ካልጫናችሁት አይሠራም፤ ብዙ ቦታ ሳይጫን የሚቀረውም በዚህ የተነሳ ነው። ሲከፈት ሁለት ስሞች ታገኛላችሁ። «ሲስተም ስቴት» የሚባለው የሲስተሙ መቼቶች የሚመዘገቡበትን ሬጂስትሪ፣ የማስነሻ ፋይሎቹን፣ ሰርቨሩ ዶሜን ኮንትሮለር፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያረጋግጥ ሰርቨር ከሆነም አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች መዝገብ ይይዛል። «ቤር ሜታል ሪከቨሪ» የሚባለው ደግሞ ይህንኑ ጨምሮ ሰርቨሩ ለመነሳት የሚያስፈልጉትን የዲስክ ክፍልፋዮች በሙሉ ይይዛል፤ በባዶ ዲስክ ላይ ከዜሮ የሚያነሳችሁ ይህ ነው። በውድቀቱ ቀን በመጫኛው ዲቪዲ ወይም ፍላሽ ታስነሳላችሁ፤ ጫን የሚለውን ትታችሁ ጠግን የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ የሲስተሙን ኢሜጅ፣ ማለትም ሙሉ ግልባጩን፣ ታሳዩታላችሁ። አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ያነሰ ከሆነ መሣሪያው አይቀበለውም። በዲስኩ ውስጥ ያለው ዳታ ትንሽ መሆኑ አያድናችሁም። ስለዚህ መጠባበቂያ ዲስክ ስትገዙ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

በሊኑክስ በኩል ያላችሁ ደግሞ «ሪላክስ ኤንድ ሪከቨር»፣ በአጭሩ «ሪር» የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ተመልከቱት። የዲስኩን አከፋፈል መዝግቦ፣ የሚነሳ ፍላሽ ወይም ኢሜጅ አዘጋጅቶ፣ በአደጋው ቀን በባዶ ዲስክ ላይ ክፍልፋዮቹን ራሱ ሠርቶ ፋይሎቹን ይመልሳል። ሰርቨሩን ለአንድ ሰዓት ማጥፋት የምትችሉ ከሆነ ክሎንዚላም አለ፤ ዲስኩን እንዳለ ወደ ኢሜጅ ይገለብጣል፤ እሱም ነፃ ነው። ፋይሎቹን ብቻ ታር ወይም አርሲንክ በሚባሉት የፋይል መገልበጫዎች ገልብጣችሁ «ሲስተሙን ያዝሁ» የምትሉ ግን ተጠንቀቁ። ፋይሎቹ ትክክል ሆነው ሰርቨሩ ላይነሳ ይችላል። ለምን? አዲሱ ዲስክ አዲስ መለያ ቁጥር አለው፤ ሲስተሙ ሲነሳ የሚያነበው ሰንጠረዥ ግን የሚጠራው የአሮጌውን ዲስክ መለያ ነው። ማስነሻው ፕሮግራም በአዲሱ ዲስክ ላይ አልተጻፈም። የኔትወርክ ካርዱም በአዲሱ ማሽን ላይ ስሙ ይለወጥና የተሰጠው አድራሻ ባለቤት ያጣል። አሮጌው ሰርቨር ባዮስ በሚባለው የቀድሞ የማስነሻ ዘዴ የሚነሳ፣ አዲሱ ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ ዘዴ ብቻ የሚነሳ ከሆነም ሌላ ፈተና ነው። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው። ነገር ግን ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ፣ ኃላፊ ከኋላ ቆሞ፣ ስልክ እየጮኸ መፍትሔ መፈለግና በሰላም ቀን ተረጋግቶ መፍትሔ መፈለግ አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ዶሜን ኮንትሮለር ለሚያስተዳድሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሌሎቻችሁ ጥቂት ታገሡኝ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቅጂው ያረጅበታል። በነባሪው መቼት ከ180 ቀን ያለፈ ቅጂን መመለስ አይገባም፤ የተሰረዙ መለያዎች መታሰቢያ ከሌሎቹ ኮንትሮለሮች ላይ ጠፍቶ ስለሚሆን የሞተው ተመልሶ ሕያው ይሆናል። ሁለተኛ፣ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ማሽን ላይ ያለን ዶሜን ኮንትሮለር እንደ ሌላው ማሽን ወደ አሮጌ ስናፕሾት፣ በአንድ ቅጽበት ወደተያዘ የቀድሞ ሁኔታው፣ ጎትቶ መመለስ አደገኛ ነው። ኮንትሮለሮቹ ለውጦችን በቁጥር ይቆጥራሉ፤ አንዱ ቁጥሩን ወደ ኋላ መልሶ ከጀመረ ሌሎቹ «ይህንን ቀድሜ ወስጃለሁ» ብለው አዲሱን ለውጥ ያልፉታል፤ ሳይታይ ለወራት ይለያያሉ። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ ይህን የሚያውቅ መከላከያ ተጨምሯል፤ የሚሠራው ግን ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ሃይፐርቫይዘሩ፣ ሲደግፈው ነው። ሦስተኛ፣ የዳይሬክተሪው መመለሻ ሁነታ ራሱን የቻለ ፓስወርድ አለው፤ ኮንትሮለሩ በተሠራበት ቀን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ተረስቷል። ዛሬ ወደ ቢሮ ስትመለሱ የማታስታውሱት ከሆነ ለውጡትና በፖስታ አሽጋችሁ አስቀምጡት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ቅጂው የት ይቀመጥ?

በመጀመሪያ ቅጂ ያልሆኑትን እንለይ። ሬይድ ቅጂ አይደለም። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ሲይዙ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል፤ ሰው በስህተት የሰረዘውን ግን ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰርዙታል፤ ቫይረስ የቆለፈውንም ሁለቱም ቆልፈው ይይዙታል። ቀንና ሌሊት ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ የሚኖር ውጫዊ ዲስክም ግማሽ ቅጂ ነው፤ ሰርቨሩን ያገኘ ሁሉ እሱንም ያገኘዋል። ዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ በኔትወርክ ወደ ተጋራ ፎልደር ሲጽፍ ደግሞ የቀደመውን እየደመሰሰ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ችግሩ ማክሰኞ ተፈጥሮ ረቡዕ ከታወቀ፣ የማክሰኞ ሌሊቱ ቅጂ የተበላሸውን ሰርቨር በታማኝነት ገልብጧል፤ የሰኞው ግን የለም።

አንድ ሰርቨር የሌላው ሰርቨር ቅጂ ሆኖ መሥራቱም አይበቃም። ለዚህ ከዓለም አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚገባ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ሜርስክ የተባለውን የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት መታው። ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ወደ 150 የሚጠጉ ዶሜን ኮንትሮለሮች ነበሩት፤ እርስ በርሳቸው እየተናበቡ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እነሱ ግን በአንድ ቀን ጠፉ። አንዱ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? በዚያች ሰዓት ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ውጭ ስለነበረ ነው!

መብራት በመጥፋቱ ስንቱን የምንማረር እኛ፣ ይህን ስንሰማ ምን እንላለን? እኔ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ያቺን ሰርቨር ያዳናት ከሌሎቹ መለየቷ ነው። ሜርስክ ይህን መለየት ያገኘው በአጋጣሚ ነው፤ እኛ ግን ገመዱን በእጃችን ነቅለን በየሳምንቱ ልንፈጥረው እንችላለን። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሰርቨሮቹን የማንሳቱ ሥራ ወደሚመራበት ወደ እንግሊዝ ከጋና በኢንተርኔት ለመላክ መስመሩ ቀጭን ሆኖ ቀናት የሚወስድ ሆነ፤ የጋናው ሠራተኛ የእንግሊዝ ቪዛ አልነበረውም፤ ስለዚህ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ ድረስ በረረና ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ ያ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ይዞት በረረ። የድርጅቱ ሊቀመንበር በኋላ እንደተናገሩት በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተጫኑ። የዚያ ሁሉ መሠረት በሰው እጅ የተጓዘች አንዲት ዲስክ ነበረች።

ዲስክ በሰው እጅ መጓዟ ለእኛም አዲስ አይደለም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ከተማችን የሆነችውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ብዙ አልናገርበትም። ያን ጊዜ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ወንድም ቤተሰቡን ይዞ ሲወጣ ሁለት ውጫዊ ዲስኮችን በጋቢ ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዟቸው ሄደ። ብዙ ዕቃ መያዝ የሚቻልበት ቀን አልነበረም፤ እሱ ግን እነዚያን መረጠ። ስንመለስ የሰርቨር ክፍሉ በር ተገንጥሏል፤ ሰርቨሮቹ የሉም፤ ገመዱ እንኳ ተቆርጦ ተወስዷል። ዲስኮቹ ውስጥ ግን ሙሉ የሲስተም ኢሜጅ ነበረ። በተውሶ በተገኘ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ሥራ ጀመርን። ከእኛ ብዙም በማይርቅ ሌላ ቢሮ በየሌሊቱ ቅጂ ይወሰድ ነበር፤ ከእኛ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። ቅጂው የሚቀመጠው ግን ከሰርቨሩ ጎን ባለው የብረት ካቢኔ ውስጥ ነበረ፤ ካቢኔው ከነሙሉ ዕቃው ሄደ። ያን ቢሮ የሚመሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ጉድለቱ የቅጂው ቦታ ብቻ ነበር።

በሙያችን 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፤ ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው በዚህ መልክ ያስተዋወቀው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። ደንቡ ውድ ዕቃ የሚጠይቅ መስሎን እንፈራዋለን። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደሴ ቢሮ ዲስኩን ኮምቦልቻ ባለ እህት ቢሮ፣ የኮምቦልቻውም ደሴ ቢያስቀምጥ ምን ይከለክለናል? በሳምንት አንድ ቀን ሰው ለሥራ መመላለሱ አይቀርም። የእሳት፣ የጎርፍ፣ የሌባ አደጋ ሁለቱን ከተማ በአንድ ቀን አያገኝም። ይሁንና 2014 እንዳስተማረን ሁለቱን በአንድ ሳምንት የሚያገኝ ክፉ ቀንም አለ፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ዲስክ አዲስ አበባ ይሂድ እላለሁ።

«በኢንተርኔት ለምን አንልክም?» የሚል ይኖራል። የሚችል ይላክ፤ አስቀድሞ ግን ያስላው። 500 ጊጋባይት ኢሜጅ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይወስዳል። ወደ ላይ መላኩን ብንታገሥ እንኳ በአደጋው ቀን ወደ ታች ለማውረድ ያንኑ ያህል ልንጠብቅ ነው። ያንኑ ኢሜጅ ጥሩ የዩኤስቢ 3 ዲስክ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያነበዋል። በኢንተርኔት በየቀኑ የሚለወጠውን ትንሹን ዳታ ላኩ፤ ትልቁን ኢሜጅ በዲስክ አሳፍሩት።

ዲስክ ከግቢ ከወጣ ግን መመስጠር አለበት። ውስጡ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ሕመም፣ የሰው ስም አለ። በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በሊኑክስ ለክስ አለ። የመክፈቻ ቁልፉን ደግሞ እባካችሁ እዚያው ሰርቨር ላይ አታስቀምጡ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት ባወጣው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች በወደቁ ጊዜ መፍትሔው አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበር፤ ዲስካቸው የተቆለፈ ብዙዎች ግን ያን ለማድረግ መጀመሪያ የቢትሎከር ቁልፍ መፈለግ ነበረባቸው፤ ቁልፉ የተቀመጠበት ሰርቨር ራሱ የወደቀባቸውም ነበሩ። ቁልፉን በወረቀት ጻፉት፤ አንዱን በገንዘብ ካዝና፣ ሌላውን ከዲስኩ በተለየ ቦታ አስቀምጡት።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። እዚህ ላይ ልቆይ።

እኔ የተወለድሁት ቃሉ ውስጥ ነው፤ ማሽላ አምራች ቤተሰብ ነን። አባቴ የዘሩን ራስ ከአውድማ ሳይገባ ከማሳው ላይ ይመርጠው ነበር፤ እናቴ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች፤ ጭስ እየጠጣ ነቀዝ ሳይነካው ይከርማል። ምንም ያህል ቢቸግር የተሰቀለው አይነካም። ያ እንግዲህ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለተኛው ነጥባችን። እናቴ ግን ሌላ ነገርም ታደርግ ነበር። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከተሰቀለው ጥቂት ፍሬ አውርዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጥና ከጥቂት ቀን በኋላ ከፍታ ትቆጥር ነበር፤ ስንቱ በቀለ? ካልበቀለ ገና ጊዜ ሳለ ከጎረቤት ዘር ትለውጣለች። ያልበቀለ ዘር ሲያዩት ከበቀለው አይለይም። የማይነሳ ባክአፕም እንዲሁ ነው፤ ፎልደሩ አለ፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ መጠኑም ትልቅ ነው። የሚነሳ መሆኑን በማየት ማወቅ አይቻልም፤ አንስቶ ማየት ብቻ ነው ያለው።

ይህ ስህተት የደሃ አገር ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ማውጫ ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ነበር። አብሽሩ፣ አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበራቸው። ሲከፍቷቸው ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ በሶፍትዌሩ ቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ጭራሽ አይወሰድም ነበር፤ ቅጂው አለመሳካቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርሱ ይመለሱ ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የወሰደው ስናፕሾት ነው። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለዓለም ጻፈ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበራቸው፤ የሚነሱ መሆናቸውን ግን በየጊዜው አይፈትኑም ነበር።

ታዲያ እንዴት እንለማመድ? ትልቅ ነገር አይደለም። በየሩብ ዓመቱ አንድ ቀን፣ ሥራ በማይበዛበት ቅዳሜ፣ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር ወይም ሰፋ ያለ ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ አንድ ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጁ። ከዋናው ኔትወርክ ለዩት፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ከሞት የተነሳው ሰርቨር ሕያው ካለው ጋር በአንድ አድራሻ ከተገናኘ ሁለቱም ይታወካሉ። ከዚያ ከባዶ ዲስክ ጀምራችሁ መልሱት። ሲነሳ «ተነሳ» ብላችሁ አትውጡ። የክፍያ ክፍሉን ባለሙያ ጥሩና «ትናንት የሠሩትን የመጨረሻ ሰነድ ያሳዩኝ» በሉ። እሷ ካገኘችው፣ ማተምም ከቻለች፣ ያን ጊዜ ተነስቷል።

ሰዓቱንም መዝግቡ። ስንት ሰዓት ፈጀ? ይህ ቁጥር ለኃላፊያችሁ የምትነግሩት ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ኃላፊዎች ለባክአፕ በጀት አይሰጡም ብለን እናዝናለን፤ እኛም ግን በሚገባቸው ቋንቋ ነግረናቸው አናውቅም። ሁለት ጥያቄ ጠይቋቸው፦ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንችላለን? ቆመን ስንት ሰዓት ብንቆይ እንችላለን? «አንድ ቀን» ካሉ፣ «የባለፈው ልምምድ ሦስት ቀን ፈጅቷል» ብላችሁ መዝገቡን አሳዩዋቸው። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት በጀት በለመናዬ ካገኘሁት ይበልጣል።

ልምምዱን ደግሞ እናንተ ብቻ አታድርጉት። ይህ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሁላችንም ሙያችንን በጭንቅላታችን ይዘን እንዞራለን፤ እኛ ስንታመም፣ ስንዛወር፣ ለሐዘን ወደ ገጠር ስንወርድ ሰርቨሩም አብሮን ይሄዳል። ደረጃዎቹን በወረቀት ጻፉ፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀት፤ የወደቀው ኮምፒውተሩ ነውና። የቅጂው ዲስክ የት እንዳለ፣ ማስነሻው ፍላሽ የትኛው እንደሆነ፣ የላይሰንሱ ቁጥር፣ የኔትወርኩ አድራሻዎች፣ መጀመሪያ የትኛው ሰርቨር ቀጥሎ የትኛው እንደሚነሳ ይጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን ከቢሮው አዲስ ለተቀጠረ ልጅ ስጡና እጃችሁን አጣምራችሁ ተመልከቱ። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ወረቀታችሁ ጎድሏል ማለት ነው፤ እዚያው አስተካክሉት። በእኔ ቢሮ ይህ ወረቀት ስድስት ጊዜ ተጽፏል፤ ስድስተኛውም ፍጹም ነው አልልም።

አሁን ወደ እነዚህ ሁለት ኮምፒውተሮች እንምጣ። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ስማችሁን ስታስመዘግቡ የገባው በግራ በኩል ባለው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። የሁላችሁም ስም፣ መሥሪያ ቤትና ስልክ እዚያ አለ። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ሙሉ ቅጂው ወደዚህ ውጫዊ ዲስክ ተወስዷል። በቀኝ በኩል ያለው ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ነው፤ ዲስኩ ባዶ ነው፤ ከፈለጋችሁ መጥታችሁ እዩት። ከሻይ በኋላ የግራውን ዲስክ ከውስጡ አወጣለሁ። ከዚያ ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ይህችን ማስነሻ ፍላሽ፣ ይህን ውጫዊ ዲስክና እነዚህን ሁለት ገጽ ወረቀቶች ይዞ በቀኙ ላይ ያነሳዋል። እኔ ከጀርባ እቆማለሁ፤ አልናገርም፤ እጄንም አላስገባም። ወረቀቱ ከጎደለ በፊታችሁ ይጎድላል፤ በእርሳስም እንጽፍበታለን።

ሥራውን የሚሠራ አንድ ሰው፣ ሰዓት የሚይዝ ሌላ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ከኋላ ያለሽው እህቴ፣ እጅሽን አይቻለሁ፤ አላህ ይስጥሽ። ሻዩ በውጭ ቀርቧል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንመለስ።